የበቅሎዎቹ ጀርባና የጋሽ ደምሴ ራስ ምታት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ካዛንቺስ ውስጥ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ የአስጎብኚ ድርጅት ቢሮ ነበር። ሊፍቱ አይሠራም። ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ አለቃዬ አቶ ይርጋ ሰዓታቸውን አይተው፣ «ይሄን ደረጃ እንዲህ ከወጣህ ተራራውን እንዴት ልትወጣው ነው?» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው፣ በኋላ እንዳረጋገጥኩት፣ ከእንጦጦ በላይ ወጥተው አያውቁም። ከፍታን የሚያውቁት ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀለው ካርታ ነው።

ያን ቀን ድንኳን መትከል እማራለሁ ብዬ ነበር። የተማርኩት ፎርም መሙላት ነው። የእንግዳው ስም፣ ዕድሜ፣ የጫማ ቁጥር፣ የማይስማማው ምግብ። «ዋናው ወረቀት ነው» አሉኝ አቶ ይርጋ። «ማለቴ፣ ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም።»

ረዳት አስጎብኚ ሆኜ ስድስት ዓመት ውኃ አጣርቻለሁ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሬያለሁ፣ የእንግዳ ጫማ አድርቄያለሁ። ዋና አስጎብኚ ስሆን ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያና የፊርማ ሥልጣን ተረከብኩ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ብዙ ከፍ ማለት የለበትም፤ በአንዴ የወጣን ሰው ከፍታው ያሳምመዋል። ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበረን፤ የተዘጋጀው ለእንግዶች ነው። የእኛን ሰዎች የሚመለከት ሠንጠረዥ አይቼ አላውቅም፣ እንዲኖርም ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ቀን አቶ ይርጋ ከስብሰባ ሲመለሱ አዲስ ነገር ይዘው መጡ፦ ኃላፊነት የሚሰማው ቱሪዝም። ቃሉ ምንም ክፋት የለበትም። እሳቸው ግን ስለ አየር ብክለት ሲያስረዱን፣ ሾፌራቸው ከታች ሞተር ሳያጠፋ አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃቸው ነበር። በወሩ፣ ከውጭ አገር የሚሰጥ አንድ አረንጓዴ ምልክት ለማግኘት አመለከትን። ምልክቱ ያለው ድርጅት ደህና እንግዳ ያገኛል ተባለ።

ከማመልከቻው ጋር አዲስ ፎርም መጣ። ለበቅሎዎች አንድ ሙሉ ገጽ አለው፦ ጀርባዋ ቆስሏል ወይ፣ ውኃ ጠጥታለች ወይ፣ ጭነቷ ከሃምሳ ኪሎ በልጧል ወይ። በበቅሎ ላይ ሰው ማስቀመጥ ክልክል ነው ይላል። ለእንግዶቹም አንድ ገጽ አለ፦ ራሱን ያመዋል ወይ፣ በልቷል ወይ፣ ተኝቷል ወይ። ጠዋት ጠዋት ሁለቱንም ሞልቼ እፈርማለሁ። ለምግብ አብሳዩ ገጽ ቀርቶ አንድ መስመር አልነበረም።

አብሳያችን ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የካዛንቺስ ሰው ናቸው፤ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ድስት ከማጠብ ጀምረው ያደጉ። ነፋስ በሚያንገላታው ድንኳን ውስጥ፣ በሁለት የጋዝ ምድጃ፣ ስምንት ሰው የሚያጠግብ ምግብ በአርባ ደቂቃ ያወጣሉ። እንቁላሉን ለበቅሎ አያምኑም፤ ራሳቸው በእጃቸው ይዘውት ይወጣሉ። ደግሞ ጥብቅ ጾመኛ ናቸው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀምሱም። ለእንግዶቹ የሚሠሩትን የሥጋ ወጥ ጨው እንኳ ስለማይቀምሱ፣ ቀማሹ እኔ ነበርኩ። እኔ በጾም ላይ ሰነፍ ነኝ።

ያ ጉዞ በሁዳዴ ነበር፣ ከላሊበላ በላይ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ። ስድስት እንግዶች ነበሩን። አንደኛው ምልክቱን የሚሰጡት ሰዎች የላኩት ገምጋሚ ነው፤ ረጅም፣ ትሑት፣ በአንገቱ እስክርቢቶ ያንጠለጠለ። እንደ ደንቡ እንግዶቹን በሦስት ቀን፣ በየመንደሩ ማረፊያ እያበላን፣ ቀስ አድርገን አወጣናቸው። የዕቃ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ የዘገዩት ጋሽ ደምሴ ግን ያን ሁሉ በአንድ ቀን ወጥተው፣ እንቁላላቸውን እንደያዙ፣ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ያለው የድንኳን ሰፈራችን ላይ ደረሱብን። ያን ከፍታ የመረጡት አቶ ይርጋ ናቸው። የተለመደው ሰፈር ሣሩ ተረግጧልና ተፈጥሮን እናሳርፍ ብለው ካርታው ላይ አዲስ ነጥብ አደረጉ።

በማግስቱ ጠዋት ገምጋሚው በቅሎዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ፣ ጭነቱን በእጅ ሚዛን አንጠልጥሎ መዘነ። እኔም የእንግዶቹን ጣት ለካሁ። ጋሽ ደምሴ ድንኳናቸው በር ላይ ግንባራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። «እንዴት አደሩ?» አልኳቸው እያለፍኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ምን ሊሉ ኖሯል።

ለምሳ የሠሩትን ወጥ ስቀምስ ጨው ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። አብሬያቸው በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርገው አያውቁም። «ጋሽ ደምሴ፣ ምን ነካዎት? ሰውዬው እየጻፈብን እኮ ነው» ብዬ ተቆጣኋቸው። ድንች ጨምረው አስተካከሉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ ቀርቦላቸው ገፋ አደረጉት። «ዛሬስ እስከ ማታ ልቆይ» አሉ። እኔ ሞኙ በጽናታቸው ቀናሁ። ለአቶ ይርጋም ስደውል፣ «ሁሉም ሰላም ነው፤ ጋሽ ደምሴ ብቻ ጾሙ ትንሽ ጫን ብሏቸዋል» አልኩ።

በቀጣዩ ጠዋት የበቅሎ ነጂው ታከለ እጅጌዬን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። የዚያው ተራራ ልጅ ነው፤ ነገር አያበዛም። «ሰውዬህን ጾም አይደለም የያዛቸው» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ። ጾም ጉልበት ያደክማል እንጂ እግር አያጠላልፍም። ኧረ ሲራመዱ እያቸው።»

ሄጄ፣ «እስቲ ጋሽ ደምሴ፣ እስከዚያ ድንጋይ ድረስ ይምጡ» አልኳቸው። ሦስት እርምጃ ሄደው እንደ ሰከረ ሰው ወደ ግራ ወደቁ። ጣታቸው ላይ መለኪያውን ስሰካ ያየሁት ቁጥር፣ እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ ገና ትናንት የሚያስወርዳቸው ነበር። ድንኳናቸው ጀርባ አፈር የተመለሰበት ትውከት አገኘሁ። እንዳይታይባቸው ሸፍነውታል። በራሴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቋጥኝ ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ደወልኩ።

«በበቅሎ አወርዳቸዋለሁ» አልኩ።

«ገምጋሚው እያየ?» አሉ አቶ ይርጋ። «ፎርሙ ላይ ፈርመናል እኮ። በቃ ድንኳን ውስጥ ይረፍ። ነገ ግሩፑ ሲያልፍ ቀስ ብለህ ታወርደዋለህ።»

«እስከ ነገ ይሞታሉ።»

«ትናንት ጾም ነው ብለኸኝ አልነበር?»

ብዬ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ታከለ የእንግዶቹን ወንበሮች አራግፎ ጠንካራዋን በቅሎ አዘጋጀ። ገምጋሚው መጣ። አብሳያችን ታመዋል፣ አሁኑኑ ካልወረዱ አይተርፉም አልኩት። በጣም አዘነ፤ ማዘኑ እውነት ነው። አንገቱን ነቀነቀ፣ ወረቀቱን ገለጠና ጠየቀኝ፦ «ስንት ኪሎ ናቸው?»

ታከለ ምን እንዳለ ጠየቀኝ፣ ተረጎምኩለት። ታከለ ገምጋሚውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ጋሽ ደምሴን አቅፎ አስቀመጣቸው፣ በጋቢ ከኮርቻው ጋር አሰራቸው፣ «ሂጅ» አላት። እንግዶቹን ለረዳቴ ትቼ ከኋላ ተከተልኩ። ምሳቸውን ብስኩት በሉ፤ ማንም አልሞተም።

አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ስንወርድ ጋሽ ደምሴ ዐይናቸውን ገልጠው ውኃ ጠየቁ። ገና አምስት ሰዓት አልሞላም። ሰጠኋቸው፣ ጠጡ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ፈረንጆቹን ስትጠይቅ አየሁ። በቅሎዎቹን ስትጠይቅ አየሁ» አሉ። «ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።»

ላሊበላ ኦክስጅን ተሰጥቷቸው ዳኑ። ወደ ተራራ ግን አልተመለሱም። አሁን ኡራኤል አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምድር ቤት ይሠራሉ፤ ደረጃ አልወድም ይላሉ።

የገምጋሚው ሪፖርት በሁለት ወሩ ደረሰ። አጠቃላይ ውጤት፦ በጣም ጥሩ። አንድ ጉድለት ተመዝግቧል፦ አንዲት በቅሎ ከተፈቀደው ክብደት በላይ ተጭናለች። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም፤ ፎርሙ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። አቶ ይርጋ ምልክቱን በመስታወት አስገብተው ከማይሠራው ሊፍት ፊት ለፊት ሰቀሉት። ካዛንቺስ ሲፈርስ ሕንፃው አብሮ ሄደ። እኔም ከዚያ በፊት ለቅቄያለሁ። ምልክቱ ወሎ ሰፈር አዲሱ ቢሮ ውስጥ ተሰቅሏል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሥራውን የሚጀምሩ ልጆች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። ጠዋት መጀመሪያ አብሳዩን ጠይቁ፣ ቀጥሎ በቅሎ ነጂውን፣ ከዚያ እንግዶቹን። መልሱን አትመኑ፤ አስነሥታችሁ አስኪዱት። ጾመኛ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀመጡና ሲበላ እዩ።