አንገቱን ያቀና ዳክዬ

የያዙኝ ቁርስ ላይ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ሰርግ ብዬ ከአሜሪካ፣ ከኦሮራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ሲቪል የለበሱ አራት ሰዎች የእህቴን በር አንኳኩ። በትሕትና ነው ያንኳኩት፤ ይህንን እመሰክርላቸዋለሁ። ከዚያ ሻንጣዬን አልጋ ላይ ዘረገፉትና ከሸሚዞቼ መሀል ሦስት የእንጨት ዳክዬዎች አወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አለቃቸው።

«ዳክዬ።»

«ዳክዬ መሆኑንማ አያለሁ። ለምን ከበደ?»

«ሆዱ ላይ ብረት አለው። ውሃ ላይ እንዳይገለበጥ።»

«ውሃ ላይ ምን ይሠራል?»

«ይንሳፈፋል። ሌላው ዳክዬ እሱን አይቶ ይወርዳል።»

«ከየት ነው የሚወርደው?»

«ከሰማይ።»

አራቱም ተያዩ። ዳክዬዎቹን አንድ በአንድ በፌስታል ጠቅልለው ቁጥር ጻፉባቸው። መኪናው ውስጥ እነሱ ወንበር ላይ በክብር ተቀመጡ፤ እኔ ወለሉ ላይ።

የታሰርኩት ግን በዳክዬ አይደለም። ኦሮራ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ስብሰባ ነበር፤ እኔ መድረክ መሪ ነበርኩ። ስለ አንድ ባለሥልጣን የተናገርኳት ቀልድ በስልክ ተቀርጻ ከኔ ቀድማ አገር ቤት ገብታለች። እሷን ቪዛ የጠየቃት የለም።

የክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው። ከበሩ እስከ ግድግዳው እግር ብቻ። በኋላ ስቆጥር ከኔ ጋር አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆንን፤ ለሰው ሳወራ ሁለት መቶ እለዋለሁ። እርጥብ ብርድ ልብስና በረኪና ይሸታል። አምፖሉ ቀንም ሌትም አይጠፋም። እንደቆምኩ ቀረሁ፤ እግሬን የማሳርፍበት አጣሁ። ግድግዳውን የተደገፉ አንድ ሽበታም ሰው ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ጋ ሁለት ጣት የምታህል ቦታ አለች።»

የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ከሁሉም በፊት ስለገቡ ግድግዳው የሳቸው ነው። ሁሉም ሰው ጋሼ ነበር የሚላቸው።

«ምን አድርገህ ነው?» አሉኝ።

«ዳክዬ ጠርቤ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ደስ ስላለኝ ነገሩን ከሥሩ ጀመርኩላቸው።

እኔ ከኦሮራ አጠገብ፣ ዴንቨር ከተማ ታክሲ ነው የምነዳው። አንድ የልብ ጓደኛ አለኝ፣ ረጅም፣ ቁምነገረኛ፣ አዛውንት በየቤታቸው እየሄደ የሚንከባከብ። ከሚንከባከባቸው አንዱ እዚያው አቅራቢያ ሴንቴኒያል የሚኖሩ ጡረተኛ ፈረንጅ ነበሩ፤ ጋራዣቸው ውስጥ የእንጨት ዳክዬ ይጠርባሉ። አዳኞች እንዲህ ያለውን ዳክዬ ሐይቅ ላይ ያንሳፍፉታል፤ ከላይ የሚያልፈው መንጋ ዘመዶቼ እዚህ ሰላም ናቸው ብሎ ሲወርድ ይተኩሱበታል። ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ፤ ሁለታችንም እዚያው ቀረን። አናድንም። ዳክዬም አንበላም። ግን ቢላውና ሞረዱ እጃችን ላይ ተጣበቀ። ሚስቶቻችን ሌላ ሴት ይዘዋል ብለው ተከታትለው መጡ፤ ብርጭቆ ወረቀት ይዘን የዳክዬ ጀርባ ስናሻሽ ሲያገኙን ሴት ቢሆን ይሻል ነበር የሚል ፊት አሳዩን።

ሽማግሌው ላባም ቀለምም ግድ አይሰጣቸውም። የሚያዩት አንገቱን ነው። አንገቱን ወደ ትከሻው የሰበሰበ ዳክዬ ሆዱ የሞላ፣ የተዝናና ነው፤ መንጋው አይቶት ይወርዳል። አንገቱን ቀጥ ያደረገ ዳክዬ ግን አደጋ አይቷል ማለት ነው። ያንን ያየ መንጋ ክንፉን አዙሮ ይሄዳል። የኔ የመጀመሪያዎቹ ዳክዬዎች ሁሉ አንገተ ቀጥ ነበሩ። «ይሄ ፖሊስ ያስቆመው ሹፌር ነው» ይሉኝ ነበር። ምን ላድርግ፤ የማውቀውን ነው የምጠርበው።

መርማሪው የጠራኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። በዕድሜ ያንሰኛል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥፍሩ የተከረከመ።

«ቀልደኛ ነህ አሉ» አለኝ።

«እንደ ሰሚው ነው።»

«ጥሩ። አንድ ቪዲዮ እንሠራለን። በስሕተት እንደተያዝክ፣ በክብር እንደተስተናገድክ ትናገራለህ። ውጭ ያላችሁ ወገኖች ሳትፈሩ ኑ ትላለህ። ከዚያ የወንድምህ ሰርግ ላይ ትደርሳለህ።»

«እሱ ብቻ?»

«እሱ ብቻ።» ጥፍሩን አየ። «አንድ ጓደኛ አለህ አይደል? ረጅሙ። ስብሰባውን የሚጠራው። እናቱ ታማለች አሉ። ትኬት ቆርጦ ነበር፤ ያንተን ሲሰማ ተወው። ያሳዝናል። እናት እኮ ናት።»

ያኔ ገባኝ። ሰውዬው ዳክዬ መጥረብ ያውቃል፤ እንጨቱ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ እኔን አምኖ እናቱን ለማየት ከመጣ፣ ከአውሮፕላኑ ወርዶ የሚገባው እኛ ክፍል ነው።

«እምቢ ብልስ?»

«ወንድምህ ሙሽራ ነው። እዚህ መጥቶ ሚዜ ይሆንሃል።»

ክፍል ስመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙ አላሰቡም።

«አንብብላቸው። ቃሉ የነሱ ነው፤ ማንም ያውቀዋል። የሚፈልጉት ፊትህን ነው።»

«ፊቴንማ ሚስቴም ፈልጋው አታውቅም ጋሼ።»

አልሳቁም። «ያ ጓደኛህ አያውቅህም? ሌላው የማያየውን፣ እሱ ብቻ የሚያየው ነገር የለህም?»

አንድ ነገር አለኝ። በዓለም ላይ የዳክዬ አንገት ማንበብ የሚችል ሀበሻ ቢኖር ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አንገቴን ወደ ላይ መሳብ ጀመርኩ። አሥራ ስምንት ሰው ዳኛ ሆነ።

«ጨምር! ገና ነህ!»

«አገጭህን አታንሳ፣ እብሪተኛ ትመስላለህ!»

«ተው፣ ተው፣ አሁንስ ሰጎን ሆንክ!»

ሁለት ቀን ተለማመድኩ። ቀጭኔ ቢያየኝ ዘመዴ ብላ ታለቅስ ነበር።

የቀረጻው ክፍል መጋረጃ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባና ያልተከፈተ ለስላሳ። የማንነቱን የማላውቀው ጃኬት አለበሱኝ፤ እጅጌው ከክርኔ ብዙም አልወረደም፣ ከውስጡ የሌላ ሰው ላብ ይሸታል። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አላየኝም። መርማሪው ከጎኑ ቆመ። እኔ አንገቴን አቀናሁ።

«ዘና በል እንጂ! ምን ያንጠራራሃል?»

«ወለል ላይ እየተኛሁ አንገቴን ተቀጨሁ ጌታዬ።»

አነበብኩ። በስሕተት ነው አልኩ። በክብር አልኩ። ሳትፈሩ ኑ አልኩ። ጅማቴ ሊበጠስ ደርሶ ነበር፤ አንገቴን ግን አላጠፍኩም።

ስጨርስ መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ደረቀ። ቀልድ ጨምርበት። ሰው የሚያውቅህ በቀልድህ ነው።»

«አልመጣልኝም።»

«ያቺን የኤርፖርቷን ንገር። ሻንጣው የጠፋበት ሰውዬ።»

ከመነሻው ጀመረልኝ። በትክክል ነው የሚያውቃት፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደምወስድ ሳይቀር። ይሄ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀልዴን ሰምቶ ስቋል። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ከሁሉም ነገር ያናደደኝ ይሄ ነው። አንገቴ ሥራውን እየሠራ ነው፤ አንዲት ቀልድ ብወረውርለት የሚጎድለኝ የለም። ምናልባትም ሰርጉ ላይ እደርሳለሁ።

«ቃሉ የናንተ ነው፣ አነበብኩ» አልኩት። «ጃኬቱም የናንተ ነው፣ ለበስኩ። ቀልዱ ግን የኔ ነው።»

ካሜራ የያዘው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። መርማሪው ቀስ ብሎ መጣና የጃኬቱን ኮሌታ አስተካከለልኝ፤ እስኪበቃው አስተካከለ። ሦስት ጊዜ አስቀረጸኝ። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ሐውልት ተቀምጬ አነበብኩ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። ለአንድ ሳምንት በግራ ጎኔ አልተኛሁም። ወንድሜን አልነኩትም፤ ያለ እኔ አገባ። ጓደኛዬ አልመጣም። በስድስተኛው ወር «ሂድ» አሉኝ፤ ለምን እንደያዙኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ዳክዬዎቹን ግን አልመለሱልኝም፤ ጉዳያቸው ገና እየተጣራ ይሆናል።

ኦሮራ በገባሁ በማግስቱ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው የሚኖረው። ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። እናቱ እኔ እስር ቤት ሳለሁ ማረፋቸውን እህቴ ነግራኛለች። ያንን በር ማንኳኳት የመርማሪውን በር ከማንኳኳት ከበደኝ።

ከፍቶ አቀፈኝና አገጩን አናቴ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ሻይ ቀዳልኝ።

«እትዬን ሳትቀብር…» አልኩ።

«እህቶቼ በስልክ አሳዩኝ። ሁሉንም አየሁ።»

«ትኬት ቆርጠህ ነበር አሉ።»

«ሁለቴ። የመጀመሪያውን አንተ ስትያዝ ተውኩት። በኋላ እማዬ ሲብስባት፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ደግሜ ቆረጥኩ። ያንተን ቪዲዮ ያየሁ ዕለት ካንስል አደረግኩት።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «አንገቴን አየኸው!»

«የምን አንገት?»

ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ከአገጬ በታች ምንም የለም። ጃኬቱ ስላልሆነኝ ይሆናል፣ ፊቴን ብቻ አስጠግተው ቆርጠውታል። ሁለት ቀን ተለማምጄ፣ በአሥራ ስምንት ዳኛ ፊት ተፈትኜ፣ ጅማቴ እስኪላላ ያቀናሁት አንገት ከሥዕሉ ውጭ ቀርቷል።

«ታዲያ ምን አይተህ ነው የቀረኸው?»

«አንተ ሰውዬ!» አለ። «ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቀልድ ሳይወጣህ! የአባትህ ቀብር ላይ ቄሱን ያሳቅክ ሰውዬ! ለሚስቴ ወይ ይሄ ሰው ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ኑ እያለ አትምጡ እያለን ነው አልኳት።»

እሱ ተነሥቶ ወደ መታጠቢያው ሄደና ንጹሑን ኩባያ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «እማዬ በስልክ ‹አትምጣ› ብላኝ ነበር» አለ። «እሷን አልሰማኋትም።» ውሃው ብዙ ፈሰሰ።

ቪዲዮው አሁንም ኢንተርኔት ላይ አለ። ሰዎች እያገኙት ይልኩልኛል፤ አንዳንዱ ሊሰድበኝ፣ አንዳንዱ ሊያጽናናኝ። ባለፈው ልጄ ከትከሻዬ ኋላ ሆና አየችውና፣ «ዳድ፣ ዛት ኢዝ ሶ ኖት ዩ» አለችኝ፤ ይሄ ፈጽሞ አንተ አይደለህም ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። እዚህ በየሰርጉና በየልደቱ ማይክ የሚሰጡት ለኔ ነው፤ ያንን ሰውዬ ማንም አይጋብዘውም።

አንዳንዴ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት መኪናው ውስጥ ሆኜ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ሰውዬው ዓይኑን አይሰብርም። አንድም ጊዜ አያስቅም። አንድ ቀን ኮልፋክስ ላይ ባገኘው ግን ፉል አዝዝለት ነበር፤ ቃል ሳልናገር፣ በልቶ እስኪጠግብ።