ከባሌ ኪስ ያገኘሁት ብረት

ባሌ ሌላ ሴት እንደያዘ ያመንኩት ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ቤታችን ውስጥ ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ነው። የሌላው ሰው ባል በሽቶ ወይም በጸጉር ይያዛል፤ እኔ ያገኘሁት አውራ ጣት የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ ከባድ ብረትና ጣት ላይ የሚጠለቁ ሁለት የቆርቆሮ ጥፍሮች ነበር። ወዲያው መተት ነው አልኩ። ሴትየዋ እንዳይለያት አስይዛዋለች።

ጥርጣሬው የጀመረኝ ግን ከዚያ በፊት ነው። ባሌ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር ቢሮ ያጸዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ይገባ የነበረው ሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ይሆንበት ጀመር። ስጠይቀው "ኦቨርቲድ" ይለኛል፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ማለቱ ነው። በዚያ ላይ ያንጎራጉራል። ይሄ ሰው እናቱ ከሞቱ ወዲህ ዘፈን ሰምቶ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በማለዳ መጥተው መርዶውን ሲነግሩት እንኳ አንዲት የእንባ ጠብታ አልወጣችውም። ለቀብር እንዳይሄድ የመኖሪያ ወረቀቱ አልደረሰለትም። ሦስቱን የለቅሶ ቀን እኛ ስናለቅስ እሱ ሻይ ሲያቀርብ ዋለ። አንድ ቀን ለቅሶው ይፈነቅለዋል፣ ያን ጊዜ የሚይዘው እኔን ነው ብዬ አራት ዓመት ጠበቅሁ። ታዲያ ይህን ዝም ያለ ሰው እንዲያንጎራጉር ያደረገችው ማን እንደሆነች ላውቅ አይገባኝም?

ብረቱንና ጥፍሮቹን ባዶ የማር ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጸበል ሞልቼ ዘፈዘፍኳቸው። ሦስት ቀን ከሩዙ ጀርባ ተቀመጡ። ብረቱ አልጠቆረም፣ አልጮኸም። ባሌ ግን ቤቱን አተራመሰው፤ ሶፋውን ገለበጠ፣ ፍሪጅ ሥር ሳይቀር ጎነበሰ። ምን ጠፋህ ስለው "ኔይ፣ ምንም አልጠፋኝም" ይላል። እሱ አይናገር፣ እኔ አላወጣ፣ ተፋጠን ሰነበትን።

ቅዳሜ ብረቱንና ጥፍሮቹን በፌስታል ጠቅልዬ ከመሥሪያ ቤቱ ማዶ ቆምኩ። በሰዓቱ ወጣ። ኦቨርቲድ የሚባል ነገር የለም። ትራም ሲሳፈር በኋላ በር ገባሁ። ጋምለ ኦስሎ የሚባለው ሰፈር ወረደና አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ገባ። ደረጃው ላይ ቆሜ የምሰድባትን ስድብ ሳዘጋጅ ከውስጥ ሙዚቃ ተሰማ። አንዱ ድምፅ እንደ ሌላው ጊታር አይዘልም፤ ከላይ ወደ ታች እየተጎተተ ይወርዳል። በሩን ገፋሁት።

ሴት የለችም። አራት ሽማግሌ ኖርዌጂያኖች አሉ። ባሌ ጭኑ ላይ ጊታር አጋድሞ፣ የእኔን የጥቁር አዝሙድ ጠርሙስ በክሮቹ ላይ እያንሸራተተ ነበር። እኔ የእሱን ስሰርቅ እሱ የእኔን ሰርቋል። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። ፈቶ አየው።

ያስረዳኝ ከአራቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው። ጊታሩ ስቲል ጊታር ይባላል፤ ብረቱ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ጥፍሮቹ ይመቱታል። የሚወዱት አንድ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኝ ሞቶባቸው የመታሰቢያ ዘፈን እያዘጋጁለት ነው። ባሌ አንድ ቀን በውጭ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እነሱም አስገብተው ያስተምሩት ጀመር። እናቱ ቤት ሬዲዮ እንዲህ ያለ ዘፈን ሲያሰማ፣ እናቱ ቃሉ ሳይገባቸው ሥራ አቁመው ያዳምጡት እንደነበር ነግሯቸዋል። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም።

"ከእኔ ምን ያስደብቀዋል?" አልኩት ባሌን በአማርኛ።

"እናቱን ሳያለቅስ ጊታር ይመታል ትይኛለሽ ብዬ ነው።"

እውነቱን ነው፤ እል ነበር። ሴት አግኝቼ ቢሆን ኖሮ የምላት አይጠፋኝም ነበር። አሁን በማን ልናደድ?

ሽማግሌው አማርኛ ስለማያውቅ የተባባልነው አልገባውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባሌ ዘፈኑን በጨረሰ ቁጥር እንደሚያለቅስ፣ እነሱም ስለለመዱት እስኪበቃው ወጣ ብለው እንደሚጠብቁት ነገረኝ። ቀጥሎም ቤትም እንዲሁ ያለቅስ እንደሆነ ጠየቀኝ።

አዎ፣ ሁልጊዜ ነው፣ አልኩት። ባሌ ሰምቶኝ ኖሮ ያኔ ቀና ብሎ አየኝ።