ከውስጥ የተንኳኳው መስኮት

ማራኪ በሚባለው ሰፈር የአንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ መስታወት የማጠብ ሥራ ያገኘሁት ክረምት ሲወጣ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ከአዲ አርቃይ የመጡ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ አያ እላቸዋለሁ። እሳቸው ጣራ ላይ ሆነው ገመዱን ይጠብቃሉ፤ እኔ ወገቤን ታስሬ፣ ባልዲዬን አንጠልጥዬ በውጭ በኩል እወርዳለሁ። ከመጀመራችን በፊት የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። «በሥራ ላይ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው እኔው ራሴ ነኝ» ይላል። ሁለተኛ ገመድ ብንጠይቀው «አንዱ መቼ አነሰ?» አለን። ሥራ ፈትቼ ከርሜ ስለነበር ፈረምሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉም ከተማውን ውጦት ነበር። ከታች የመኪና ድምፅ ይሰማኛል እንጂ መንገዱ አይታየኝም። አራተኛው ፎቅ ደርሼ አንዱን መስታወት በአረፋ ሳሽ፣ ከውስጥ ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፤ ቀስ ብሎ፤ እንግዳ በር እንደሚያንኳኳ።

አረፋውን በክንዴ ጠርጌ አየሁ። ባዶ ክፍል ነው፤ ጥጉ ላይ ወንበር ተደራርቧል። ጆሮዬ ነው ብዬ ወደ ሥራዬ ስመለስ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን ፈጠን ብሎ፣ መስታወቱ ከመዳፌ ሥር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። ደንግጬ ትንፋሼን ያዝሁ። ከበላዬ ሌላ ድምፅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቀና ብል፣ ገመዱ የጣራው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተገዝግዞ ክሩ ተበታትኗል።

«አያ! ገመዱ!»

«እንዳትንቀሳቀስ! እግርህን ከመስኮቱ ደፍ አሳርፍ!»

ጣራው ላይ ሲሮጡ ይሰማኛል። የዕቃ መጎተቻውን ገመድ ከውኃ ታንከሩ ብረት ላይ ጠምጥመው ጣሉልኝ። በአንድ እጄ ደፉን እንደያዝሁ፣ በሌላው ከብብቴ ሥር አሰርሁት። ቀስ እያሉ አወረዱኝ። መሬት ስነካ ገመዱን ፈትቼ አያ እስኪወርዱ ጠበቅሁ።

ጥበቃውን ይዘን አራተኛ ፎቅ ወጣን። በሩ ተቆልፏል። ሲከፍተው ወለሉን አቧራ አልብሶታል፤ ከበሩ እስከ መስኮቱ አንድ የእግር ዱካ እንኳ የለም።

«ተከራዩ ከለቀቀው ዓመት አልፎታል» አለ ጥበቃው። ወደ ውስጥ ግን አልገባም። አያ አማተቡ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ፈርመሃል እኮ!»

«ምነው ጌታዬ፣» አሉት አያ፣ የተገዘገዘውን ገመድ እግሩ ሥር እያስቀመጡ፤ «ይሄ ሰው ቢወድቅ ወረቀትዎ ይይዘው ነበር?»

ሁለተኛ ገመድ፣ ጠርዙ ላይ የሚነጠፍ ወፍራም ጎማ፣ ደግሞም ጉዳት ቢደርስ ሕንፃው እንደሚያሳክም የሚገልጽ ውል ካልመጣ አንወጣም አልን። አኩርፎ ሳምንት ቆየ። ወሬው ስለተሰማ ግን የሚወጣለት ሌላ ሰው አጣ፤ ፈረመ።

በሁለት ገመድ ስወርድ ቀኑ ብራ ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ብዙ ቆየሁ።

«ምነው ዘገየህ?» ብለው ተጣሩ አያ ከላይ።

«መስታወቱ ቆሽሿል፣ አያ!»

ጆሮዬን ለጥፌ እያዳመጥሁ ነበር።