ነጠላዬን የምታቃናልኝ ልጅ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ተማሪ ሆኜ ለተግባር ልምምድ ጎንደር በተላክሁበት ዓመት ነው። ዛሬ የመምህሮቼን ስም እንኳ ማምታታት ጀምሬአለሁ። ይህን ግን ልቅሶ ቤት በሄድሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

ሥራዬ መስማት ወይም ማየት የማይችሉ ተማሪዎችን መርዳት ነበር። ከሁሉም ልቤን የወሰደችው የሻረግ ናት። አትሰማም፣ አትናገርም። ከተራራማው አገሯ ከመካነ ብርሃን መጥታ ቁስቋም አጠገብ ዘመዷ መምሬ ቢሻው ቤት ተቀምጣ ትማራለች። እኔም እዚያው ግቢ ተከራይቼ ስለነበር ውሎ አዳራችን አንድ ላይ ነበር።

በምልክት ተግባባን። ለእኔ ያወጣችልኝ ምልክት አፍንጫዋን መያዝ ነው፤ ለምን እንደሆነ ብገምትም አልወደውም። የነጠላ አጣጣሌም ያስቃታል። ጠዋት ጠዋት ተንጠራርታ ሳታስተካክልልኝ ከቤት አንወጣም።

ለእናቷ ደግሞ አንገቷን በጣቷ ዙሪያውን ትዳስሳለች፤ እናቷ አንገቷን ተነቅሳለችና። እናትየዋ ገብሱ ሲታጨድ መጥታ ልታያት ቃል ገብታለች። የሻረግ አመሻሽ ላይ ቁስቋም ያለው የፈረሰ ግንብ ላይ ትወጣና መንገዱን ስታይ ትቆያለች። ከዚያ አንገቷን ዳስሳ ወደ እኔ ትዞራለች። "ትመጣለች" ለማለት ራሴን እነቀንቅላታለሁ።

ገብሱ ታጨደ። የመጣው ግን አጎቷ አያ ፈንታ ነው። ልጅቱ ሮጣ ተጠመጠመችበት፤ ወዲያው አንገቷን ዳሰሰችና ከኋላው የሚገባ ሰው ካለ ብላ በሩን አየች። እሱ ጎንበስ ብሎ የመጣበትን በቅሎ መርገፍ፣ የአንገቱን ጌጥ፣ ይነካካ ጀመር።

እናትየዋ ታማ ሞታ ነበር። የሻረግ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ነው የነገረን።

"ሳትሰማ ይዣት ልሂድ" አለ። "መርዶ መንገድ ላይ አይሆንም። አገሯ ስትገባ ትስማው።"

"አያ ፈንታ፣ በምኗ ትሰማዋለች?" አልሁ። እናቴ ጠራችኝ ብላ ያን ሁሉ ተራራ እየሳቀች ስትወጣ ታየኝ።

"ምነው እቴ፣ እኔስ በምን አፌ ልንገራት?" አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

መምሬ ቢሻው ነገሩን ቆረጡት። "እንደ ማንም ሰው ወጉ ይድረሳት። ጎሕ ሲቀድ ይነገራት። ቋንቋዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ልጄ።"

ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የሞትን ምልክት ላሳያት አሰብሁና ተውሁት። ነጠላዬን ዘቀዘቅሁና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ፊቷ ቆምሁ። ልቅሶ ባትሰማም ይህን አገሯ እያየች አድጋለች።

የሻረግ አየችኝና ሳቀች። ዛሬስ ባሰብሽ ማለቷ ነው። እንደ ልማዷ ተንጠራርታ ነጠላዬን አቃናችልኝ፤ ትከሻዬንም መታ መታ አደረገችው።

መልሼ ዘቀዘቅሁት። ከኋላዬ ያሉት ሴቶችም የየራሳቸውን ዘቀዘቁ። እጇን ልትዘረጋ ስትል ሴቶቹን አየች፤ አጎቷን አየች። እጇ ተመለሰና አንገቷ ላይ አረፈ። ወደ እኔ ዞረች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

ድምፅ የላትም ይሏት ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እናቷን የጠራችበት ድምፅ ከግቢው አልፎ ተሰማ።

በማግስቱ አያ ፈንታ በበቅሎ አፈናጥጦ ወሰዳት። ከተዝካሩ በኋላ ትመለሳለች ተባለ። ልምምዴ እስኪያልቅ አመሻሽ ላይ ግንቡ ላይ እየወጣሁ መንገዱን የማየው እኔ ሆንሁ። አልመጣችም። ከዚያ ወዲህም ወሬዋን የነገረኝ የለም።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፤ የሻረግ አሁንም ትናፍቀኛለች። ልቅሶ ቤት ስደርስ ነጠላዬን ዘቅዝቄ በሩ ላይ ጥቂት እዘገያለሁ። አብረውኝ ያሉት ሐዘኑ የከበደኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አንዲት ልጅ ከኋላዬ ተንጠራርታ እስክታቃናልኝ ነው የምጠብቀው።