አራተኛ ፎቅ

ሰውየው ስልሳውን ዘሏል፤ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ስድስት ሳምንቱ ነው። ወደ ማገገሚያው ክፍል የሚመጣው ከወገቡ በላይ ኮትና ክራቫት፣ ከወገቡ በታች ቁምጣ ለብሶ ነው። ከቦታው የማይንቀሳቀሰው ብስክሌት ላይ ይወጣና ጉልበቱን እንደ ልጅ ይቆጣዋል፦ «እጠፍ እንጂ፣ አንተ ግትር!»

እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትቆጥርለታለች። አሥር ስትለው አሥራ አምስት ይሠራል። ሲያብጥበት «ይኸው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች በረዶ ትይዝለታለች።

ዛሬ ግን ሌሎቹ ታካሚዎች እስኪወጡ ጠብቆ ጠጋ አላት።

«ልጄ፣ ሩጫው ይቅርብኝ። አራተኛ ፎቅ መቼ ነው የምወጣው?»

«ቤትዎ አራተኛ ፎቅ ነው እንዴ ጋሼ?»

«የኔማ ምድር ቤት ነው» አለና እንደ ሙሽራ አቀረቀረ።

ነገሩ ገባት። ወደ ደረጃው ወሰደችው።

«መደገፊያውን ይያዙ። ሲወጡ ደህነኛው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ደግሞ የታመመው።»

ሰውየው ሦስት ደረጃ በላብ ወጣና ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«የመውረዱን ነገር ተይው ልጄ። እሱን ላይ ከደረስኩ በኋላ ከቤቱ እመቤት ጋር እንመካከርበታለን።»