በሙዓዊያ ግቢ የተቆፈረው ባሕር

የአንድ ሰው ዕድሜ እንደ ጠላ ቢጠለል ከታች የሚቀረው ምንድን ነው? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን የሚጠይቁ ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤ መልሱን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ቤት መቀመጥ ሲበዛብኝ ግን ሌላ ነገር ተረዳሁ። ከሰው የሚቀረው ራሱ የፈለገው ሳይሆን ጎረቤቱ ሊያስታውሰው የወደደው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ወዳጄ ሙዓዊያ በኖረበት ሰፈር ስሙ ሲነሳ «ውሃ ያጠጣን ደግ ሰው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሙዓዊያ የፈለገው ግን መዋኘት ነበር።

የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ከጅቡቲ ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያመላልስ ነው። ባሕርን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል፤ በጋቢና መስኮት። መኪናውን ትቶ ከሄደ የጭነት ወረፋው ያልፈዋልና፣ እዚያው ወንበሩ ላይ በሙቀት እየቀለጠ ሌላው ሲዋኝ ያያል። «ሰው ሲበላ እያዩ መራብ ነው» ይለኝ ነበር። ጅቡቲን እንዲህ ባለ ቃል የሚገልጽ የጂኦግራፊ መምህር አላጋጠመኝም።

ጡረታ ሲወጣ ጂዳ ያለችው ልጁ ረውዳ ደወለች።

«አባባ፣ ምን ላድርግልህ?»

የእሱ ቢጤ ሰው ሁሉ ወይ ሐጅ ይላል፣ ወይ ሚኒባስ።

«የመዋኛ ገንዳ» አላት።

«የምን ገንዳ?»

«ግቢ ውስጥ መሬት ተቆፍሮ የሚሠራ። ሰው የሚገባበት።»

ልጅቱ ሁለት ጊዜ አስደገመችውና ገንዘቡን ላከች።

ደሴ ቢሆን ብርዱ ብቻውን ሐሳቡን ያስጥለው ነበር። እኔ እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሐምሌን በጋቢ ተጠቅልዬ የማሳልፍ ሰው ነኝ። ኮምቦልቻ ግን ሞቃት ነው፤ ግቢውም ሰፊ ነበር። ቁፋሮው ሲጀመር ምግብ ቤት ያላት ጎረቤቱ ቡዜ በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«ጋሼ ሙዓዊያ፣ ይህ ሁሉ ሽንት ቤት ለስንት ሰው ነው?»

«ሽንት ቤት አይደለም፤ ልዋኝበት ነው።»

«እርስዎ?»

«እኔ።»

«አጃኢብ! እንግዲያው ማውጫ ገመድ ላዘጋጅ።»

ሚስቱ ነጂባን ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው።

«በዚህ ሽበትህ በቁምጣ ልትታይ?»

«በሽርጥ እገባለሁ።»

«ሽርጡ ይንሳፈፋል፤ አንተ ትሰምጣለህ። ያኔ ደግሞ ከቁምጣ የባሰ ይታያል።»

ገንዳው አለቀ። ወለሉና ግድግዳው ሰማያዊ ሴራሚክ ለበሰ፤ ቦቴ መኪና ውሃ አምጥታ ሞላችው። ሙዓዊያ ሽርጡን አገልድሞ አፋፉ ላይ ቆመ። በዚያች ደቂቃ ዘው ቢል ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት ባልኖረም። ግን የወሎ ሰው ነው። መኪና ሲገዛ፣ ቤት ሲገባ፣ ልጅ መንገድ ሲሄድ ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓ ሳይደረግ የሆነለት ነገር የለም። በዚያ ላይ ዋና አይችልም።

«ዱዓ ይደረግልኝና እገባለሁ» አለ።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ቧንቧ ለጥገና ተዘግቶ ሰው ሁሉ ጄሪካን ይዞ ይንከራተት ነበር። ለዱዓው የተሰበሰበው ጎረቤት ምግቡን በልቶ ሲያበቃ ዓይኑን ከዚያ ሰማያዊ ውሃ መንቀል አልቻለም። ሸህ ዘይኑልአቢዲን እጃቸውን ዘረጉ። ሙዓዊያ የጠበቀው «ከመስጠም ጠብቀው» እንዲሉለት ነው። እሳቸው ግን እንደ ማንኛውም ደግ ሰው በፊታቸው ያለውን ችግር አዩ።

«ያ ረቢ! ይህን ውሃ ለባለቤቱ ሰደቃ፣ ለጎረቤቱ ጥም መቁረጫ አድርገው!»

«አሚን!» አለ ግቢው በሙሉ። ሙዓዊያም «አሚን» አለ። በዱዓ መካከል እጅ አውጥቶ ማስተካከያ የሚያቀርብ ሰው የለም። ፈላስፎች ማኅበር እንዴት በውል እንደሚቆም ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ያየሁት ውል ግን አንድ አሚን ብቻ ነበር፣ ያውም ከእራት በኋላ።

በማግስቱ ሽርጡን አገልድሞ ሲወጣ ግቢው በጄሪካን ተሞልቷል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ አሁን እንጨርሳለን» አለችው ቡዜ።

ጠበቀ። እነሱ ሲጨርሱ ውዱእ የሚያደርጉ መጡ፤ ቀጥሎ ልብስ የሚያጥቡ። ሰንብቶ፣ «እናንተ በዚያ በኩል ቅዱ፣ እኔ በዚህ በኩል ልግባ» ቢል፣ «በምንጠጣው ውሃ?» ብለው ጮኹ። ነገሩ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ዘንድ ደረሰ።

«ይህን ያህል ብዙ ውሃ ሰው ስለገባበት አይበላሽም። ኪታቡ ግልጽ ነው» አሉ።

«ለኪታቡ ላይበላሽ ይችላል ሸህ» አለች ቡዜ፣ «ለሽሮዬ ግን ይበላሻል።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሙዓዊያም ሳቀ። ባይስቅ ምናልባት ይፈቀድለት ነበር። በቀልድ የተሸነፈ ሰው ይግባኝ የለውም።

ቧንቧው ተጠገነ፤ ውሃው ግን በፈረቃ ነበርና ልማዱ አልቀረም። ውሃው ሲጎድል ሙዓዊያ ራሱ ቦቴ ይጠራል፤ ሞልቶ ሲያይ እገባለሁ ይላል፤ ሊገባ ሲል ጎድሏል። አንድ ቀን የሰው ፍየል ገንዳው ውስጥ ወደቀች። ባለገንዳው ያላገኘውን እሷ አገኘች፤ ያውም ዋና ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ለልጆች ፈራ። ሙዓዊያ ደጋን ከተማ ለቅሶ ሄዶ ሲመለስ ገንዳው ከዳር እስከ ዳር በአርማታ ተከድኗል፤ ለባልዲ ብቻ የምትበቃ የብረት መዝጊያ መሐል ላይ ተተክላለች።

«ሲመለሱ ደስ ይበልዎት ብለን ነው» አሉት።

መረቃቸው። ምን ያድርግ?

በኋላ እግሩ መታዘዝ እምቢ አለው። ደሴ ሐኪም ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም አገላብጦ መረመረውና፣ «አባት፣ ውሃ ውስጥ ቢንቀሳቀሱ ይሻልዎታል። በአቅራቢያዎ መዋኛ ገንዳ ይኖራል?» አለው።

ሙዓዊያ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። ኮሪደር ላይ ነርሷ እስክትቆጣን ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፤ ከሳቁ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ጎረቤቱን አስጠራ። ግቢው ውስጥ፣ ወንበሩን አርማታው አጠገብ አስደርጎ ተቀመጠ።

«ልጆቼ፣ የጠጣችሁት ሐላል ይሁንላችሁ፤ ወሏሂ ቅር አላለኝም። አንድ ቀን ብቻ ይህን ክዳን አንሱልኝ። ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይያዙና እስከ አንገቴ ያስገቡኝ። ከዚያ ውሃውን ድፉት፣ ገንዳውን እጠቡት፤ ቦቴውን እኔ እጠራለሁ።»

«ኢንሻአላህ!» አሉ ሁሉም፣ ከልባቸው። ቡዜ እግሩን የሚዘፈዝፍበት ውሃ በሳፋ አቀረበችለት።

በሄድኩ ቁጥር ሲጠይቃቸው እሰማ ነበር። «ክዳኑን መቼ ነው የምታነሱልኝ?» ይላቸዋል። አልጋ ላይ ከዋለም በኋላ፣ እስከ ሞተባት ቀን ድረስ፣ ሊጠይቀው የገባውን ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር፤ «ክዳኑን አንሱልኝ፣ አንድ ጊዜ ልግባበት።»