ውሃ ውስጥ የቆመችው ግልገል

ልጅ ሳለሁ ተረት በነጻ አይነገረኝም ነበር።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ተረት ነጋሪው የእናቴ አጎት አያ ሞላ ነበሩ። በወጣትነታቸው ጥቂት ዓመት የቆሎ ተማሪ ሆነው፣ ኋላ ወደ እርሻቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ያኔ፣ ከብቱ ገብቶ፣ እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድና ጢሱ ዓይናችንን ሲለቀን፣ ከምድጃው ዳር ያለውን አመድ በመዳፋቸው ደልድለው ተረት ይጀምራሉ። ልባችን ሲንጠለጠል ያቆማሉ። በስንደዶ ጫፍ አመዱ ላይ አንድ ፊደል ይጽፋሉ። ያነበበ ከተገኘ ተረቱ ይቀጥላል። ካልተገኘ ለነገ።

እኛ ደግሞ ፊደል የምናውቀው በዜማ ነበር። ከሀ ጀምረን እንደ ጎርፍ እንወርዳለን፤ አፋችን ይቀድማል፣ ዓይናችን ኋላ ይቀራል። አንዲት ፊደል ጎረቤቶቿን ትታ ብቻዋን አመድ ላይ ስትቀመጥ ግን እንጠፋለን።

«ሲጮህ የዋለው አንተ አይደለህ? ይችን አጣሃት? አፍህ ቅዳሴ ገብቷል፣ ዓይንህ ገና ደጀ ሰላም ቆሟል!» ይሉኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይስቁብኛል።

አንድ ምሽት የግልገሏን ተረት ጀመሩ። ግልገሏ ከመንጋው ተለይታ ሳለ ፈጣም ወንዝ ይሞላባታል። ከማዶ እናቷ ትጣራለች። ከኋላዋ፣ ከጫካው ውስጥም ያው የእናቷ ድምፅ ይጣራል። አንደኛው ጅብ ነው። ግልገሏ አንድ እግሯን ውሃ ውስጥ እንደነከረች ቆመች። አያ ሞላም ቆሙ። «ጰ»ን ጻፉ። አላወቅሁትም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም እኔም ሌሎቹም አላወቅነውም። ባወቅሁት ጊዜ አጨዳ ደርሶ፣ እርሳቸውም ሌላ ተረት ይዘው ነበር። ግልገሏ እንደቆመች ቀረች።

አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ልጄ ስለናት ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ፊደሉን ራሴ ያዝሁት። የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው። አመዱን በካርቶንና በከሰል ቀየርሁት እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ጀምሮ ማቆም፣ ፊደል መጻፍ፣ ማስጠበቅ። መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት በሻማ የግልገሏን ተረት ነገርኋት። ለምን ያንን እንደመረጥሁ አላውቅም። መጨረሻውን እንደማላውቅ ግን አውቅ ነበር። ስለዚህ ጰን ጻፍሁላት። እርሷ ገና ተ ላይ ነበረች። ቶሎ እንዳትደርስብኝ ነው ሩቁን የመረጥሁት።

«አባየ፣ ተሻገረች?»

«አንብቢውና እነግርሻለሁ።»

«ትንሽ ብቻ። እግሯን አይበርዳትም?»

«ነገ።»

በማግስቱ አተኮሳት። የፊደል ገበታውን እናቷን ከግድግዳ አስወረደቻትና ተኝታ በጣቷ ከሀ ጀምራ ወረደች። ከሥራ ስገባ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።

«ጰ! ነው አይደል? በል ጨርስ።»

ድምጿ ደክሟል። እኔ የምጨርሰው አልነበረኝም።

«ስትድኝ እጨርስልሻለሁ።»

«ዋሾ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

በሦስተኛው ቀን ሐኪም ቤት እጄ ላይ ሞተች።

አያ ሞላ አርጅተዋል፤ በዘንግ ተደግፈው ለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ እቀበል ነበር። እርሳቸው ሲሉኝ ግን ተነሣሁ።

«አያ፣ ያች ግልገል ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም?»

«የምን ግልገል ልጄ?»

ነገርኋቸው።

«አንተየ፣ መጨረሻ ያለው መስሎህ ኖሯል? ላነበበው ልጅ እዚያው ፈጥሬ እነግረው ነበር እንጂ። ያላነበባችሁትን እኔስ በምን አውቄው?»

«ሃያ ዓመት ውሃ ውስጥ አቆሟት!» ብዬ ጮኽሁባቸው። በሽማግሌ ላይ፣ ያውም በለቅሶ ቤት። አክስቴ አፌን ልትይዝ ተነሣች። አያ ሞላ ግን ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ዛሬም ተቆጥቻለሁ። እርሳቸውን ይቅር አላልሁም። ይበልጥ የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። እዚያው መፍጠር ይቻል ኖሯል። ልጄ ካርቶኑን ታቅፋ ስትጠብቀኝ «ተሻገረች» ብል ይበቃት ነበር። አንድ ቃል። ፊደል አስተማሪ ነኝ ባይ፣ አንድ ቃል አጣሁ።

ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ስለሆነ አመሻሽ ላይ የጎረቤት ልጆች ወደ እኔ ይመጣሉ። ተረቱን እስከ መጨረሻው ነግሬ፣ ያልነበረውን ጨምሬ፣ ከዚያ ነው ፊደል የምጽፍላቸው። የማያነብም ይሰማል። ጰ ላይ ስንደርስ ከሰሌ ካርቶኑ ላይ ይቆማል። እነርሱ አይጠብቁኝም፤ ዓይናቸው ሳይደርስ በዜማቸው እየጮኹ ወደ ጸ ያልፋሉ። ያኔ አያ ሞላ ቢሆኑ ይመልሷቸው ነበር። እኔ አልመልሳቸውም። ይሻገሩ።